ከሰማይ የወረደ ወረቀት፦ የተረሱ የአየር ጀብዱ ልብ ወለዶች በካርቱም በኩል ሲነበቡ

መግቢያ

በ1930ዎቹ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ይታተም የነበረው ሳምንታዊው «ፒትስበርግ ኩሪየር» ለጥቁር አንባቢዎቹ ከዜናውና ከማስታወቂያው ጎን በየሳምንቱ የሚቀጥል ልብ ወለድ ያቀርብ ነበር። ከእነዚህ መካከል «የኢትዮጵያው የግድያ ምስጢር»፣ «ጥቁር መንግሥት» በሚል የጋራ ርእስ የሚታወቁት ሁለት ተከታታዮችና «ዐመፅ በኢትዮጵያ» የአንድ ሰው፣ የጆርጅ ስካይለር፣ ሥራዎች ናቸው። በእነዚህ ገጾች ላይ ሰላይ ሰላይን ያሳድዳል፣ ልዕልት ለአገሯ ነፃነት ባሕር ትሻገራለች፣ የጥቁሮች የጦር አውሮፕላኖች የአውሮፓን ከተሞች ያንቀጠቅጣሉ። ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ሲያረጅ ታሪኮቹም አብረውት አረጁ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ ሮበርት ሂልና ኬንት ራስሙሰን «ጥቁር መንግሥት»ን በ1991፣ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉትን ሁለቱን ደግሞ ሂል ብቻውን በ1994 በመጽሐፍ መልክ አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የተረሳ መጽሐፍ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ዕጣ ደራሲውን ነቢይ ማድረግ ነው። ስካይለርም ከዚህ አላመለጠም፤ የፀሐይን ኃይል፣ ያለ አፈር የሚበቅልን አዝመራ፣ በጅምላ የሚጨርስን መሣሪያ አስቀድሞ አየ እየተባለ ይወደሳል። ይህ ጽሑፍ ሌላ መንገድ ይከተላል። የስካይለር የአየር ጀብዱዎች ዛሬ መነበባቸው የሚጠቅመው አብልጦ ባዩት ሳይሆን ባላዩት ነገር ነው፤ ያላዩት ነገር ደግሞ የመጨረሻው ተከታታይ በተዘጋ በሁለት ዓመት ውስጥ በካርቱም በተግባር ታይቷል። ስካይለር በአውሮፕላኑ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ለወጠ፤ ነጩን አብራሪ አውርዶ ጥቁሯን አብራሪ አስቀመጠ። አውሮፕላኑ ምድሩን የሚመለከትበትን ከፍታ ግን እንዳለ ተወው። በ1940 ከሱዳን ሜዳዎች የተነሡት ጥቂት ያረጁ አውሮፕላኖች በበኩላቸው የሚጭኑት ቦምብ ትንሽ፣ የሚያገለግሉት ምድር ሰፊ ስለነበር ከጭነታቸው አንዱ ወረቀት ሆነ። ያ ወረቀት በአማርኛ የተጻፈ ነበር፤ ከታች ያለውን ሰውም እንደ ዒላማ ሳይሆን እንደ አንባቢ ይቆጥረው ነበር። የልብ ወለዱ ክፍተት በደንብ የሚታየው ከዚህ ወረቀት ጎን ሲቀመጥ ነው።

ልብ ወለዶቹና ዘመናቸው

ጆርጅ ስካይለር በ1895 ተወልዶ በ1977 ያረፈ ጋዜጠኛ ነው። በ1931 ባሳተመው «ጥቁር መሆን ቀረ» በተሰኘ የሽሙጥ ልብ ወለዱ ይበልጥ ይታወቃል፤ ጥቁሮችን ነጭ የሚያደርግ ማሽን ቢፈለሰፍ የአሜሪካ ዘረኝነት ምን እንደሚሆን የጠየቀበት ሥራ ነው። ይህን የመሰለ ተጠራጣሪ ብዕር የያዘ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ሳሙኤል ብሩክስ በሚል የብዕር ስም «ጥቁር መንግሥት»ን መጻፍ ጀመረ። ተከታታዩ ከኅዳር 1936 እስከ ሚያዝያ 1938፣ በመካከል ለጥቂት ወራት ተቋርጦ፣ በጠቅላላው በ62 ክፍሎች ወጣ። ታሪኩን የሚተርከው ካርል ስሌተር የተባለ ጋዜጠኛ ነው፤ በሃርለም ግድያ ሲፈጸም ያያል፣ ይጠለፋል፣ ከዚያም የጠላፊው አገልጋይ ይሆናል። ጠላፊው ዶክተር ሄንሪ ቤልሲደስ ነው፤ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ጥቁር ሊቃውንትን በምስጢር አደራጅቶ አፍሪካን ከቅኝ ገዥዎች ለማስለቀቅ የተነሣ፣ ርኅራኄ የማያውቅ ሐኪም። የድርጅቱን የአየር ኃይል የምታዝዘው ፓትሪሺያ ጊቨንስ ናት። በ1921 በፈረንሳይ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘችውንና በ1926 በአደጋ የሞተችውን ቤሲ ኮልማንን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ጥቁር ሴት የጦር አውሮፕላን አዛዥ ሆና መቅረቧ ባዶ ሕልም አልነበረም።

እነዚህ ታሪኮች የተወለዱት ከኢትዮጵያ ጦርነት ቁጣ ነው። በሰኔ 1935 ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ቦክሰኛ ፕሪሞ ካርኔራን በኒው ዮርክ ሲያሸንፍ፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ውጤቱን እንደ ቡጢ ብቻ አላዩትም። ያው «ኩሪየር» ጋዜጠኛውንና ታሪክ ጸሐፊውን ጆኤል ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ጦርነቱን ከስፍራው ያስዘግብ ነበር። የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን አዲስ አበባ ገብቶ ጥቂት አውሮፕላኖች ብቻ የነበሩትን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲመራ፣ ስሙ በጥቁር ጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ ይታተም ነበር። ስለዚህ የስካይለር አንባቢ ልብ ወለዱን በመጽሐፍ መደብር ገዝቶ በብቸኝነት አላነበበውም፤ ከሮቢንሰንና ከሮጀርስ ዜና ጋር በተቆራኘ ጋዜጣ ላይ፣ ሽንፈቱን ባነበበባቸው ዓይኖች አነበበው። አዲስ አበባ በግንቦት 1936 ከተያዘች በሰባት ወር ውስጥ «ጥቁር መንግሥት» መጀመሩ ድንገተኛ ገጠመኝ አይመስልም። ዜናው የነፈገውን ድል ተከታታዩ በየሳምንቱ ይከፍል ነበር። በ1938 የተጀመረው «ዐመፅ በኢትዮጵያ» ደግሞ ይህን ክፍያ ወደ ራሷ ኢትዮጵያ መለሰው፤ ዲክ ዌላንድ የተባለ ሀብታም ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ልዕልት ኤታራን ይገናኛል፣ የጣሊያን ሰላዮች እየተከታተሏቸው ለአርበኞች መሣሪያ መግዣ የሚሆን ሀብት ፍለጋ አብረው ይነሣሉ።

ከላይ የሚታየው፣ ከታች የሚታየው

የአየር ጀብዱ ልብ ወለድ ደስታው በከፍታ ላይ የቆመ ነው። አብራሪው ሁሉን ያያል፣ ማንም አይደርስበትም፤ ወንዙ ክር፣ ከተማው ሰሌዳ፣ ሰው ነጥብ ይሆንለታል። ይህ ደስታ ምን ያህል ከጭካኔ ጋር ሊስማማ እንደሚችል የሚያሳይ፣ ልብ ወለድ ያልሆነ፣ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ አለ። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በጦርነቱ በቦምብ ጣይነት ተሳትፎ ሲመለስ «በአምቦች ላይ በረራ» የሚል ትርጉም ያለው ማስታወሻ በ1937 አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ቦምብ የወደቀባቸው ፈረሰኞች ሲበታተኑ ያየውን ከሚፈካ ጽጌረዳ ጋር ማመሳሰሉ በዓለም ዘንድ ታዋቂ ሆኖ ቀርቷል። ንጽጽሩ የሚያስደነግጠው ክፉ ሰው ስለጻፈው ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ከፍታ ለተመለከተ ዓይን በእርግጥም እንዲያ ስለሚመስል ነው። ፈረሱ አይጮኽም፤ የሚወድቀው ሰው ስም የለውም፤ የሚቀረው መልክና ቀለም ብቻ ነው።

ያንኑ ሰማይ ከታች ያየ ምስክርነትም አለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት በአማርኛ ባደረጉት ንግግር፣ አውሮፕላኖች ተከታትለው እየበረሩ ያርከፈከፉት መርዝ እንደ ጭጋግ ምድሩን ሲሸፍን፣ ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ የሚጠጣውን ውሃና የሚጋጠውን ሣር እንዴት እንዳጠፋ ዘርዝረዋል። በዚህ ንግግር ውስጥ አብራሪ ገጸ ባሕርይ የለም። ሰማዩ አካል የለሽ ነው፤ አካል ያለው ከታች ያለው ነው። ሁለቱን ጽሑፎች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው፣ ልዩነታቸው የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የቦታ መሆኑን ያስተውላል፤ አንዱ የሚናገረው ከክንፍ ላይ፣ ሌላው ከመሬት ላይ ነው።

ስካይለር ከእነዚህ ከሁለቱ የት ይቆማል? በልቡ ከጄኔቫው ተናጋሪ ጋር ነው፤ ለዚህ ጥርጥር የለውም። በአተራረኩ ግን ከፍታውን መርጧል። የቤልሲደስ ሠራዊት ድል የሚያደርገው ሊቃውንቱ በፈለሰፉት ጨረርና ፓትሪሺያ ጊቨንስ በምታዘው የአውሮፕላን ኃይል ነው። አውሮፕላኖቹ በአውሮፓ ከተሞች ላይ በሽታ የተሸከሙ አይጦችን ያወርዳሉ። ኢትዮጵያ ላይ የወረደው መርዝ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ላኪዎቹ ተመለሰ ማለት ነው፤ ለተበዳይ አንባቢ የዚህ ጣዕም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ከታች ያሉት ሰዎች፣ አውሮፓውያኑም ነፃ የሚወጡት አፍሪካውያንም፣ ከላይ በሚወሰን ጉዳይ ላይ ቃል የላቸውም። የአፍሪካ ገበሬ ቤልሲደስን ይፈልገው እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠበቅበት ነፃ ወጥቶ ማመስገን ነው። ለዚህ ነው ስካይለር አብራሪውን ለወጠ እንጂ ከፍታውን አልለወጠም የሚለው ድምዳሜ የሚጸናው። የጀብዱ ልብ ወለዱ ቅርጽ ራሱ፣ ደራሲው ሳያውቀው፣ የቪቶሪዮን መመልከቻ አውሶታል።

ካርቱም 1940፦ አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል

ካርቱም በዚህ ክርክር ውስጥ የገባችው በአጋጣሚ አይደለም። የአፍሪካ አቪዬሽን ታሪክ ከጅምሩ በዚህች በሁለት ወንዞች መገናኛ በተቆረቆረች ከተማ ያልፋል። ፈረንሳዊው ማርክ ፑርፕ በጥር 1914 ከካይሮ ተነሥቶ ናይልን እየተከተለ ካርቱም ሲደርስ፣ በምሥራቅ አፍሪካ አውሮፕላን ገና ተአምር ነበር። በ1931 የብሪታንያው ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ከለንደን ወደ መካከለኛው አፍሪካ የከፈተው መሥመር በካርቱም አድርጎ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ይደርስ ነበር፤ በዓመቱ እስከ ኬፕ ታውን ተዘረጋ። ከተማዋ ግን ለኢትዮጵያውያን የበረራ ጣቢያ ብቻ አልሆነችም። ጣሊያን በሰኔ 1940 ጦርነት ስታውጅ፣ ካርቱም የስደተኛ መንግሥት ማረፊያ፣ የአማርኛ ማተሚያ ቤትና የአርበኞች የጀርባ በር ሆነች።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደዚያ የደረሱበት መንገድ ራሱ ከጀብዱ ልብ ወለድ የተቀዳ ይመስላል። ሰኔ 24 ቀን 1940፣ ፈረንሳይ እጅዋን በሰጠችበት ሳምንት፣ ሚስተር ስትሮንግ በሚል የሽፋን ስም ከእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በሰንደርላንድ የውሃ አውሮፕላን ተሳፍረው በማልታ በኩል እስክንድርያ ገቡ። ከዚያ ወደ ዋዲ ሐልፋ፣ ከዋዲ ሐልፋ በባቡር ወደ ካርቱም ተጓዙ፤ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሲደርሱ ጣሊያኖች የሱዳኗን ከተማ ከሰላን እየያዙ ነበር። እስከዚህ ድረስ ስካይለር ሊጽፈው የሚችል ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ሊጽፈው አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የመጣው ድህነትና መጠበቅ ነው። በሱዳን የነበረው የብሪታንያ አስተዳደር በንጉሠ ነገሥቱ መምጣት ደስተኛ አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ በጀበል አውሊያ በሚገኝ ቤት ተቀምጠው ወራት አሳለፉ። የጨረር መሣሪያ አልነበረም፤ የነበሩት ቪከርስ ዌልስሊና ቪከርስ ቪንሰንትን የመሰሉ ጊዜ ያለፈባቸው አውሮፕላኖች ነበሩ። ኋላ ወደ ጎጃም ለዘመተው ኃይል ስንቅና ጥይት የተሸከሙትም በአመዛኙ ግመሎች ናቸው፤ ቁጥራቸው 15,000 ያህል እንደነበርና አብዛኞቹ በመንገድ እንደቀሩ የዘመቻው ታሪክ ይመሰክራል።

ወረቀቱ የገባው በዚህ እጥረት መካከል ነው። የፕሮፓጋንዳውን ሥራ የመራው ጆርጅ ስቲር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በዚያው በረራ የመጣ ጋዜጠኛ ነበር። በ1935 እና 1936 ለለንደኑ «ታይምስ» ከኢትዮጵያ ዘግቧል፤ በሚያዝያ 1937 ጌርኒካ የተባለችው የባስክ ከተማ በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ዜናውን ለዓለም ያደረሰው እርሱ ነው። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ምድርን ምን እንደሚያደርግ ከመሬት ሆነው በሁለት አገር ካዩ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ይህ ሰው በካርቱም ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ አሳተመ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጆችም ተባዝተው በአውሮፕላን ወደ ጎጃም፣ ወደ ቤጌምድርና ወደ ኤርትራ ተበተኑ። አዋጆቹ አርበኛው እንዲበረታ፣ በጣሊያን ጦር ውስጥ ያለው ያገር ልጅ እንዲከዳ ይጠሩ ነበር።

ይህን ወረቀት ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በራሱ ላይ የአንበሳው ማኅተም አለ፤ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ። ከማኅተሙ በታች ያለው ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የአዋጅ አማርኛ። በአገሩ ልማድ የንጉሥ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሲነበብ ሰው ተነሥቶ ይሰማል እንጂ ተቀምጦ አይሰማም። አዋጅ ደግሞ ከጥንት በነጋሪት ተጎስሞ በገበያ ቀን ለሕዝብ የሚነገር፣ ሰሚ የሚፈልግ ነገር ነው። ለአምስት ዓመት ሰማይ ሲያጉረመርም ወደ ዋሻና ወደ ጥሻ የሸሸ ገበሬ፣ ያው ድምፅ መጥቶ ካለፈ በኋላ ከሣር ላይ የሚያነሣው ወረቀት በሚያውቀው ማኅተም ታትሞ ሲያገኘው አውሮፕላኑ ትርጉሙን ለወጠ። አማርኛ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ «በራሪ ወረቀት» ይለዋል፤ ስያሜው በረራውን ከአብራሪው ነጥቆ ለወረቀቱ ሰጥቶታል። በካርቱም የሆነውም በትክክል ይኸው ነው። ዋናው በራሪ አውሮፕላኑ መሆኑ ቀረ፤ ቃሉ ሆነ። ቃል ደግሞ ቦምብ ያልሆነበት ምክንያት አንድ ነው፤ የሚያነሣው፣ የሚያነበው፣ እሺ ወይም እምቢ የሚለው ሰው ከታች ያስፈልገዋል።

የበረራው አቅጣጫም ተለወጠ። በኅዳር 1940 የብሪታንያው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከካርቱም በትንሽ አውሮፕላን ተነሥቶ በጎጃም ሰከላ አጠገብ፣ ተራራ ላይ በተጠረገ አጭር ሜዳ አረፈ፤ ከነሐሴ ጀምሮ ከአርበኞቹ መካከል የሰነበተውን ሌላውን የብሪታንያ መኮንን ዳንኤል ሳንድፎርድን ለማግኘት ነበር። ሰከላ የግሽ ዓባይ አገር ነው። አውሮፕላኑ ዓባይ ከነጭ ናይል ከሚገናኝበት ተነሥቶ ዓባይ ከሚፈልቅበት አረፈ ማለት ነው፤ ማረፉ ደግሞ ዋናው ቁም ነገር ነው። የቤልሲደስ አውሮፕላኖች ለማሸነፍ ማረፍ አያስፈልጋቸውም። የካርቱሙ አውሮፕላን ካላረፈ፣ ሜዳ የሚጠርግለት ያገሬው ሰው ካላገኘ፣ በቅሎ የሚያቀርብለት አርበኛ ካልተቀበለው ዋጋ የለውም። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ወሰን ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ፣ እስከ ወሰኑ በአውሮፕላን መጥተው ነበር፤ ወደ መናገሻቸው የወሰዳቸው መንገድ ግን የምድር መንገድ ነው። ኦሜድላን በፖሊስ ስፖርት ክለብ ስም ብቻ የሚያውቅ የዛሬ አንባቢ፣ ስሙ አውሮፕላኑ አቁሞ እግር የጀመረበት ቦታ መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ተቃውሞዎች

በዚህ ንባብ ላይ ቢያንስ አራት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ስካይለር ራሱ እነዚህን ታሪኮች ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም የሚለው ነው። በ1937 ለጋዜጣው ባልደረባው ለፐርሲቫል ፕራቲስ በጻፈው ደብዳቤ «ጥቁር መንግሥት»ን ለእንጀራ የተጻፈ ተራ ሥራ አድርጎ አናንቆታል፤ ሕዝቡ ለዘር ኩራት ያለውን ጥማት አይቶ እንደጻፈላቸውም ይነበብበታል። በኋለኛ ዕድሜው ወግ አጥባቂ ሆኖ «ጥቁርና ወግ አጥባቂ» የሚል ግለ ታሪክ በ1966 ማሳተሙን የሚያውቅ ሰው፣ ደራሲው ያፌዘበትን ነገር እንዴት በቁም ነገር እንመረምራለን ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ግን በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ነው። ደራሲው ለአንባቢው ፍላጎት ከጻፈ፣ ጽሑፉ የሚመሰክረው ስለ አንባቢው ነው። በየሳምንቱ የሚወጣ ተከታታይ አንባቢ ሲቀዘቅዝ ይሞታል፤ 62 ክፍል የዘለቀ ታሪክ የብዙ ሰው ምኞት ተሸክሟል። የምንመረምረው የስካይለርን እምነት ሳይሆን በዚያ ዘመን ድል የናፈቀ ጥቁር አንባቢ ድልን በምን መልክ ሊያስበው እንደቻለ ነው። ያሰበው በአውሮፕላን መልክ ነው፤ ከፍ ብሎ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። የካርቱም ወረቀት ያን ያህል ውጤት ነበረው የሚለን ማነው? ዋናው ምስክር በ1942 ስለዚሁ ሥራ መጽሐፍ ያሳተመው ስቲር ነው፤ ፕሮፓጋንዲስት ስለ ፕሮፓጋንዳው ሲመሰክር በጥንቃቄ መስማት ይገባል። የጣሊያንን ጦር የሰበሩት በከረን የተዋጉት የጄኔራል ፕላት ክፍለ ጦሮችና ከኬንያ የመጡት የጄኔራል ካኒንግሃም ወታደሮች፣ ከዚያም በፊት አምስት ዓመት ሙሉ ያልተበገሩት አርበኞች ናቸው። ዌልስሊዎቹም ወረቀት ብቻ አልበተኑም፤ ቦምብም ጥለዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ወረቀት ጦርነቱን አሸነፈ የሚል አይደለም። ክርክሩ ጠባብ ነው፦ ወረቀቱ ከላይ ያለው ከታች ያለውን የሚያስብበትን ሌላ ሁኔታ ያሳያል። እንዲያውም አርበኞቹ አስቀድመው ጎጃምን ባይዙ ወረቀቱ የሚያነሣው አያገኝም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ባለሟል ሎሬንዞ ታዕዛዝ በ1939 በምስጢር ጎጃም ገብቶ የአርበኞቹን ይዞታ አጥንቶ ባይመለስ ኖሮ፣ ለማን እንደሚጻፍም አይታወቅም ነበር። የወረቀቱ ኃይል ከታች በነበረው ኃይል ላይ የቆመ መሆኑ ክርክሩን አያፈርሰውም፤ ክርክሩ ራሱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወረቀት የዋህ ነገር አይደለም የሚል ነው። የብሪታንያ አውሮፕላን የበተነው ወረቀት የብሪታንያን ጥቅም አዝሎ ነበር፤ ነፃ አውጪዎቹም ከድሉ በኋላ ኢትዮጵያን እንደ ተያዘ የጠላት ግዛት ሊያስተዳድሩ ሞክረው፣ ሉዓላዊነቷ በከፊል እንኳ በስምምነት የታወቀው በጥር 1942 ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ድምዳሜ ያደርሳል። ብሪታንያ ማኅተሙን ለጊዜያዊ ጥቅም ብትዋሰውም፣ ማኅተሙ አንዴ ከሰማይ ከወረደና ከተነበበ በኋላ የተዋሰችውን ቃል መልሳ ልትሰበስብ አልቻለችም። በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተጠራ ሕዝብ በኋላ በሌላ ስም እንዲገዛ ማድረግ ቀላል አይደለም። ቦምብ የጣለ ሰው ለጣለው ነገር ዕዳ የለበትም፤ ቃል የጣለ ሰው ግን አለበት።

አራተኛው ልብ ወለድን ከታሪክ ጋር ማወዳደር ግፍ ነው የሚለው ነው፤ ልብ ወለድ የመመኘት ፈቃድ አለው። ልክ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ታሪኮች የታተሙት ዜና በሚታተምበት ጋዜጣ፣ ዜናውን ሲያነብብ የተናደደ አንባቢ እንዲያጽናኑ ነው። ምኞቱ ከዜናው ጋር እንዲነጻጸር የጋበዙት ራሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከካርቱም የመጣው ዜና ለንጽጽሩ የዘገየ መልስ ሆነ።

የዳግም ግኝት ዘዴ

የተረሳ የአየር መጽሐፍ እንዴት ዳግም እንደሚገኝ ለማሰብ ሌላ ምሳሌ ይጠቅማል። የኬንያዋ አብራሪ ቤሪል ማርክሃም በ1942 ያሳተመችው «ወደ ምዕራብ ከሌሊቱ ጋር» የተሰኘ ማስታወሻ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተረስቶ፣ ደራሲው ሄሚንግዌይ ያደነቀበት አንድ ደብዳቤ ስለተነበበ በ1983 እንደገና ታትሞ በብዙ ሺህ ተሸጠ። እርሷም ከናይሮቢ ወደ ለንደን ስትበር ሱዳንን አቋርጣ በካርቱም አልፋለች። ያ መጽሐፍ የተመለሰው በውበቱና በታላቅ ሰው ምስክርነት ነው። የስካይለር ሥራዎች ግን የተመለሱት የማርከስ ጋርቬይን ሰነዶች ሲያሰናዳ በኖረው በሮበርት ሂል የታሪክ ምርምር ነው፤ ያመጣቸው ስለ ጥቁር ዓለም ፖለቲካ የነበረ ጥያቄ እንጂ የቋንቋ ውበት አይደለም። ሁለቱ መንገዶች ሁለት ዓይነት ንባብ ይጠይቃሉ። በውበቱ የተመለሰ መጽሐፍ ብቻውን ሊቆም ይችላል። በጥያቄ የተመለሰ መጽሐፍ ግን ጥያቄው የተመለሰበትን ሰነድ ከጎኑ ካላገኘ ተመልሶ ወደ ትርዒት ይወርዳል፤ የጨረሩና የልዕልቲቱ ታሪክ ብቻ ይሆናል።

ለአማርኛ አንባቢ ያ ሰነድ የካርቱሙ ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የስካይለር ጋዜጣ በማይክሮፊልም ስለተያዘ ተረፈ። የካርቱም ወረቀቶች፣ «ባንዲራችን»ን ጨምሮ፣ ያላቸው ዕድል ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ መንገደኛ የሚጭኑ አውሮፕላኖች በቆሙበት ነደዱ፣ ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፈ። የከተማዋ ሰማይ እንደገና ከታች ያለው ሰው ቀና ብሎ የማያየው ሰማይ ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ድሮኑ አብራሪውን ጨርሶ ከሰማይ አስወጥቶታል። ከፍታ ብቻ ቀረ። በዱራም ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሱዳን መዝገብ ቤት የአስተዳዳሪዎቹን ወረቀት ይዟል፤ በአማርኛ የታተመው ግን በአማርኛ አንባቢ ካልተፈለገ ማንም አይፈልግለትም።

ስለዚህ የስካይለር ልብ ወለዶች በአማርኛ የሚነበቡበት ተስማሚ እትም ምን መምሰል እንዳለበት ከዚህ ክርክር በቀጥታ ይከተላል። በአንዱ ገጽ የፓትሪሺያ ጊቨንስ አውሮፕላኖች ይነሡ፤ በትይዩው ገጽ ከካርቱም የተበተነ አንድ አዋጅ፣ ከነማኅተሙ፣ በመጀመሪያ ቅርጹ ይታተም። አንባቢው የመጀመሪያውን ሲያነብብ ደስታውን አይነፈግ፤ ያ ደስታ በእውነተኛ በደል የተገዛ ነው። ሁለተኛውን ሲያነብብ ግን ወረቀቱን ከሣር ላይ ያነሣ ሰው ባለበት ቦታ ይቆም ዘንድ ይገደዳል። ፒትስበርግ ሆኖ ሰማዩን ያለመ ሰው ያን ቦታ አላየውም፤ ማየትም አይጠበቅበትም ነበር። ማየት የሚጠበቅብን ማኅተሙን ማንበብ የምንችል እኛ ነን።